የቁልፍ ሠሪው ቆዳ

ለሪህ ብሎ የዋጠው ክኒን ቆዳውን ከአናቱ እስከ እግሩ ልጦት፣ ብቻውን የሚኖረው ቁልፍ ሠሪ አርባ ቀን ሆስፒታል ተኛ። አዲስ ቆዳ ሲያወጣ ዶክተሯ አሰናበተችው።

“በዘር የወረሱት ነው፤ ለሌላው መድኃኒት የሆነው ለእርስዎ መርዝ ነው። የሥጋ ዘመዶችዎም ይመርመሩ” አለችው።

“ማን አለኝ ብለሽ፣ ልጄ?”

ሰፈር ሲደርስ ጎረቤቱ አኮረፈችው።

“ምነው ጋሼ፣ ምን አስቀየምንዎት? ሳምንቱን ሙሉ በመስኮት እያዩን፣ ስንጠራዎት ዝም!”

“ኧረ ገና ዛሬ መውጣቴ ነው” አላት።

ቁልፉን አዞረ፤ በሩ ግን ከውስጥ ተቀርቅሯል። ግራ ቢገባው አንኳኳ። እርጥብ ጨርቅ ወለል ላይ ሲጎተት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ቀስ እያለ ወደ በሩ መጣ።

“እሰይ፣ ሰው መጣልኝ!” አለ ከውስጥ፣ የገዛ ራሱ ድምፅ።