የክርስትና ስም

ቀጄላ የእናቱን ዳዊት ሲገልጥ ከመጽሔት የተቀደደ የአንድ ሽበታም ፈረንጅ ፎቶ ከመሃሉ ወደቀ። ሃያ ዓመት እንግሊዝ አገር ኖሮ ወደ ፉሪ ከተመለሰ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ እናቱም ከመጣ ጀምሮ በጎሪጥ ነበር የምታየው። ፎቶው ጥግ ላይ በእርሳስ «ለፍትሐት። የክርስትና ስሙ ይጠየቅ» ተብሎ ተጽፏል።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አላት ጠርጥሮ።

«አክተሩ ነዋ! ያ እንግሊዙ። ሰሞኑን አረፈ አሉ» አለችና ፎቶውን ቀምታው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ለአክተር ፍትሐት?»

«ምን ላድርግ? አንተ አንድ ፎቶ እንኳ አልላክህልኝ! የሱን ፊልም ግን ከጎረምሳነቱ እስከ ሽምግልናው መካኒሳ ቪዲዮ ቤት ከውሪ ጋር ተኮልኩዬ አየሁ። ፊቱ በተጨማደደ ቁጥር፣ ‹የኔም ልጅ እዚያው አገር እንዲህ እየሆነ ነው› እል ነበር።»

ቀጄላ ሳቁ መጣበት። እሷ ግን አልሳቀችም። ፎቶውን ወደ ፊቱ አስጠግታ አንዴ የፈረንጁን፣ አንዴ የሱን ሽበት አየች።

«እሱ ሲሸብት አይቻለሁ። አንተ ስትሸብት ግን አላየሁም» አለችው። «እስቲ፣ ልጄ ከሆንክ፣ ያንተስ የክርስትና ስም ማን ነው?»

ቀጄላ አፉን ከፈተ። ስሙ ጠፋው።