የሦስተኛው ዓውደ ጥናት እናት

የአጥንትና ጡንቻ ምርምር ዓውደ ጥናት ሠላሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል ታሪኩን እንዲጽፍ የተመደበው ዶክተር ይልቃል፣ አዳማ ድረስ ሄዶ ወይዘሮ ብርነሽን አገኛቸው። በሦስተኛው ዓውደ ጥናት ላይ የገዛ ክንዳቸውን ጡንቻ መራመድ ለተሳናት ልጃቸው የሰጡ የመጀመሪያዋ እናት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሕግ ሆኖ፣ ጡንቻው የሰለለ ልጅ የወለደ ሁሉ ይሰጣል።

ወይዘሮ ብርነሽ ሻያቸውን በቀጭን ቱቦ ይጠጡ ነበር፤ ብርጭቆ ካነሱ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የቤቱ በሮች እጀታቸው ተነቅሎ በትከሻ ገፋ ሲደረጉ ይከፈታሉ።

«ይቆጭዎታል?» አላቸው።

«ልጄ ትሮጣለች፤ ምን ይቆጨኛል?» አሉ። ቀጥለውም፣ «አንድ ነገር ግን ጻፍልኝ። ያኔ ጡንቻዬን ያወጡት ፕሮፌሰር ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ‹ይፈቅዳሉ?› ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴን አስናቀን ግን ለልጁ ጡንቻውን እንዲሰጥ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። ማንም አልጠየቀውም። መጠየቁን ማን አስቀረው?»

ይልቃል አንገቱን ደፋ። በአሥራ አንደኛው ዓውደ ጥናት የፈቃድ ቅጹ ሥራ ያጓትታልና ይቅር ብሎ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነበር። አዳራሹም አጨብጭቦለታል።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አላቸው።

አልተቆጡም። «እንግዲያው እሱንም ጻፈዋ» አሉት።

ጻፈው። አዘጋጆቹ ግን ለበዓሉ ባሳተሙት መጽሐፍ ያወጡት የወይዘሮ ብርነሽን ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ከሥሩም «በፈቃዳቸው የሰጡ እናት» ይላል።