በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ

እትዬ ዘርፌ የአባታቸውን ቦታ ሸጠው፣ አከራይቼ እጦርበታለሁ ብለው የገዙት አዲስ አፓርታማ ስምንት ወር ጦሙን አደረ። ደላላው የሚያመጣው ሰው ሁሉ ከታች ሽቅብ ያንጋጥጥና፣ «ሰው ያልገባበት ሕንፃ ውስጥ ልጆቼን ይዤ አልገባም» ብሎ ይመለሳል።

ዛሬ ግን ዘዴ ዘየዱ። ጥበቃውን አባብለው፣ ደላሎች እሱ ዘንድ በሚተዉት ቁልፍ ባዶዎቹን ቤቶች አስከፈቱና በየበረንዳው ልብስ አሰጡ፤ እዚህ የሟች ባላቸውን ሸሚዝ፣ እዚያ የልጅ ልጃቸውን ዩኒፎርም።

ረፋዱ ላይ አንድ ጎልማሳ እያለከለከ ሰባተኛ ፎቅ ያለው ቤታቸው ደረሰ። ሊፍቱ ገና አልተገጠመም። እትዬ ዘርፌ ተከራይ መጣልኝ ብለው ተቀበሉት።

«ሰው ገብቷል ማለት ነው?» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ሞልቷል እንጂ! ባዶ የቀረው የኔ ብቻ ነው።»

«አምስተኛ ፎቅስ? ባንኳኳ የሚከፍት የለም።»

እዚያ ያሰጡት ዩኒፎርም ትዝ አላቸው። «ሥራ ሄደው ነው። ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዲት ተማሪ ልጅ አለቻቸው። ጨዋ ሰዎች!»

ሰውየው ግድግዳውን ተደገፈና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እኔ እኮ ተከራይ አይደለሁም፣ እናቴ። አምስተኛ ፎቅ ያለው ቤት የኔ ነው። ዓመት ሙሉ ሰው ጠፍቶ ቁልፉን ለደላላ ሰጥቼ ነበር። ተስፋ ቆርጬ ዛሬ በርካሽ ልሸጠው ገዢ ቀጥሬያለሁ፤ ልብሱን ሳይ ግን ማመን አቃተኝ።»

እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ዘርግተው ሊያስቆሙት ሲሉ፣ ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኗል።

«ወንድሜ፣ አትልፋ። ቤቱን አልሸጥም፤ ተከራይ ገብቶልኛል።»