ባዶ የተባለው ሰማይ

«አንቺ ካላየሽው አልልከውም» አለችኝ ኑኃሚን፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እነሱ ቤት ሶፋ ላይ ነን። እናቷ እትዬ ወለተሰንበት በር ላይ ቆመው ለጎረቤት «ልጄ እኮ ለትምህርት ውጭ ልትሄድ ነው» ይላሉ። ማን እንደሚሄድ ግን ገና አልታወቀም። የትምህርት ዕድሉ ለአንድ ሰው ነው፤ ያመለከትነው እኔና እሷ ነን።

ቅናት ያንገበግበኛል፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። መምህራችን ዶክተር ፈቃደ እኔን «ጎበዝ» ብለው ያልፋሉ። የእሷን ጥያቄ ግን ሰሌዳ ላይ ይጽፉና ሳይጠፋ ይከርማል። ኧረ ታክሲ ውስጥ እንኳ ቦታ የሚለቀቀው ለእሷ ነው።

ጥናቷ ስለ አንድ ግዙፍ ጠመዝማዛ ጋላክሲ ነው። እንዲህ ያሉትን ጋላክሲዎች፣ ከከዋክብታቸው አልፎ ርቆ፣ በጣም የጋለና የሳሳ ጋዝ ይከባቸዋል። በዓይን አይታይም፤ በኤክስሬይ ነው የሚታየው። እሷ ግን ፈልጋ አጣችው፣ «ይሄኛው ጋዝ የለውም» ብላም ደመደመች። እውነት ከሆነ ትልቅ ወሬ ነው፤ ዕድሉም የእሷ ነው።

ምስሉን አየሁ። ጋዙን ለማግኘት መጀመሪያ የባዶውን ሰማይ ብርሃን ለክቶ መቀነስ ያስፈልጋል። ኑኃሚን «ባዶ» ብላ ክብ ያደረገችበት ቦታ ጋላክሲው አፍንጫ ሥር ነው። ጋዙ እዚያም አለ። ባዶ ሰማይ መስሏት የቀነሰችው ጋዙን ራሱን ነው፤ ግማሹን ሽንኩርት ሚዛን ላይ ትቶ ሚዛኑን ዜሮ እንደማድረግ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው አፈርኩ፤ ደስታው ግን አልሄደም።

«ምነው? የተበላሸ ነገር አለ እንዴ?»

«ክቡን አርቂው» ብላት ያበቃ ነበር።

«አሪፍ ነው» አልኳት። «ላኪው።»

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ፣ ላፕቶፑን ወሰደችና ላከችው። «ለዶክተር ፈቃደም፣ ለትምህርት ዕድሉ መራጮችም ሄደ» አለች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ መልሳ ወደኔ አዞረችልኝ። «ሆን ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ያላንቺ አልሠራውም ነበር።»

ከርዕሱ ሥር ስሟ አለ። ከስሟ ቀጥሎ፣ ዲንቄ ቶሌሳ። እኔ።

እትዬ ወለተሰንበት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ፣ እጃቸውን ዘረጉልን። «ሥራችሁን ለአገር ለምድሩ ያሳይላችሁ ልጆቼ።»

ከኑኃሚን እኩል «አሜን» አልኩ።