የአንጎል አጥር

አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ይባላል፤ ወለተ ሐና ግን ከእሳትም የባሰች ነበረች። ምራቷ ሰብሌ ከኩልመስክ የመጣችው መሬት በተሸነሸነ ማግሥት ነው። ዓመት ሳይሞላ የወለተ ሐና አንድያ ልጅ ጋሻዬ ነገር ይጠፋበት ጀመር። እጁ ይንቀጠቀጣል። የበሬውን ስም ይረሳል። አንድ ቀን እናቱን ትኩር ብሎ አይቶ «እርስዎ የማን ነዎት?» አላት።



«ሰብሌ መድኃኒት አስነክታዋለች!» ስትል ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች።

ለልጇ የማትሆነው አልነበረም። ጎጆ ከወጣ ጀምሮ ጥርት ያለውን ስንዴና ባቄላ እየሰፈረች ትልክለታለች፤ እሷ ነቀዝ የበሳውን ቆልታ ትቆረጥማለች። ሰብሌስ? የተላከላትን አብስላ በልታ «ራሴን፣ ራሴን» እያለች ትተኛለች። የሥራ ጠላት!

ሲብስበት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ገደሉን ወርዶ ላሊበላ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ እናቱና ሚስቱም ተከትለው ሄዱ። ሐኪሙ ምሥጋናው ዓይኑን በባትሪ አየ፤ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ።

«እናቴ፣ አንጎል አጥር አለው፤ በደም የመጣ ሁሉ ዘው ብሎ አይገባበትም። መርዝ ግን ጥቂት በጥቂት ሲወሰድ አጥሩን ያሳሳዋል። ያን ጊዜ ውስጥ ይዘልቃል። የሚበላውን ማን ነው የሚያበስልለት?»

ወለተ ሐና ጣቷን ወደ ሰብሌ ቀሰረች።

«እማዬ፣ እኔም የምበላው ያንኑ አይደል እንዴ?» አለች ሰብሌ እያለቀሰች።

«ዝም በይ! ያንቺ ቢጤ ማርከሻውን ሳትይዝ መች ትቀምሳለች?»

ሐኪሙ ሌላም ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ወለተ ሐና ልጇን አስነሣች።

«መርዘኛዋን ካወቅናትማ ምን ቀረን?»

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አፋቷቸው። ሰብሌ በለበሰችው ልብስ ወደ ኩልመስክ ሄደች። አንድም ሰው አልሸኛትም።

ጋሻዬ እናቱ ቤት ገባ። እናቱን የረሳ ልጅ ሚስቱን አልረሳም።

«ሰብሌ የት ናት?» ይላል በየደቂቃው።

ወለተ ሐናን ቅናት አንገበገባት፤ ቢሆንም ጉንጩን ዳሰሰችው።

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ ከእንግዲህ የምትበላው ከእኔ እጅ ብቻ ነው።»

ከዚያ ለእሱ የለየችውን ስንዴ ልትዘግን ጎተራውን ብትከፍት አንዲት ነቀዝ ስትንፏቀቅ አየች፤ ተናደደችና ከገበያ የገዛችውን ነጩን የተባይ መርዝ፣ ከወትሮው እጥፍ አድርጋ ነሰነሰችበት።