ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ

ሰብሳቢዋ የመጨረሻዋን የድምፅ ወረቀት ወደ መስኮቱ አዙራ ብታያት ብታያት አልነበብ አለቻት። ሰሌዳው ላይ ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ እኩል ናቸው። በሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ወኪል የሚሆነው ወይ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው፣ ወይ ሹፌሩ።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ፊት ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ የማንም ቅሬታ በእሱ እጅ ሳያልፍ ኮሚሽኑ ደርሶ አያውቅም። ሹፌሩ ከተቀጠረ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ የቅጥር ቅጹን እንኳ የሞላለት ኃላፊው ነበር። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ጠዋት ሲገባ ቀድሞ የሚጠይቀው ሹፌሩን ነው። የኃላፊው የገዛ ሚስት ሳትቀር፣ ታማ ሆስፒታል ካደረሳት ወዲህ «ያ ጨዋ ልጅ ደኅና ነው?» ሳትል እራት አታቀርብም። በጠየቀች ቁጥር «ደኅና ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

«የሁላችንንም የእጅ ጽሑፍ የሚለይ እሱ ነው» አለች ሰብሳቢዋ ወደ ኃላፊው እያየች።

«እንዴ! ተወዳዳሪ ነው እኮ!» አለች ገንዘብ ያዧ። «ጅብን ሥጋ ጠብቅ ልትሉት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሹፌሩ ከኋላ ብድግ አለ።

«ጋሼ አይዋሽም። ያንብበው፤ እኔ አምነዋለሁ።»

ተጨበጨበ። ይኸው፣ ለዚህም የሚጨበጨበው ለእሱ ነው፣ አለ ኃላፊው በሆዱ ወረቀቷን ሲቀበል።

ዐይኑን ጣል አድርጎባት ደርቆ ቀረ። ያቺን ዶሮ የጫረችው የመሰለች ጽሕፈት ከነዳጅ መጠየቂያው ላይ ያውቃታል፤ የሹፌሩ ናት። የተጻፈው ስም ግን የራሱ የኃላፊው ነው። ልጁ የመረጠው እሱን ነው። እሱ ደግሞ ጠዋት ወረቀቱን በክንዱ ከልሎ የጻፈው የራሱን ስም ነበር።

አንድ ቃል ቢተነፍስ አሸነፈ። ግን በሹፌሩ ችሮታ! ነገ ወሬው ሲወጣ ሚስቱ «አላልኩህም? ጨዋ ነው እኮ!» ልትለው ነው።

ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሹፌሩ ስም ነው» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ሰው ወንበሩን እየገፋ ሹፌሩን ሊያቅፍ ተንጋጋ። እሱ ግን በቆመበት ቀርቶ፣ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ ኃላፊውን ብቻ ያያል።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊም እንደ ሰው ሊያጨበጭብ ፈልጎ ነበር። ወረቀቷን የጨበጠ እጁ ግን አልዘረጋ አለው።