የጉሮሮ ከረሜላ

«አንዳንድ ሰው እጁን ሳይታጠብ አራስ ቤት ዘው ይልና፣ ሐኪም ቤት ሲመጣ እንባውን ያዘንባል!» የታማሚዋ አራስ እናት ይህን የተናገረችው ወደ ግድግዳው ዞራ ቢሆንም፣ አሽሙሩ አግዳሚው ጫፍ ላይ ኩርምት ላለችው ለባልየው እናት ነበር። እናት፣ ያቺው ሴት ጠዋት የገዛችላትን የጉሮሮ ከረሜላ ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው አዛወረችው። ከረሜላ መምረጥ እንኳ አታውቅበትም፤ ጣዕም የሌለው ነገር!

ሐኪሙ ከክፍሉ ወጣ። «ደሟ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አግኝተናል። በወሊድ ቁስሏ በኩል ሳይገባ አልቀረም። መድኃኒት ጀምረናል፤ ትተርፋለች ብዬ ግን አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ቁስሏን ማን ነበር የሚያጥብላት?»

«እኔ ነኛ!» አለች እናት፣ ሴትዮዋን እየገላመጠች። «ይቺን መች አስጠጋኋት! ከእኔ እጅ ሌላ የነካት የለም።»

«ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ከታመመ ጉሮሮ ነው የሚተላለፈው። ሰሞኑን ጉሮሮዎን አሞዎታል?»

እናት አፏን ከፈተች፤ ከረሜላው ጥርሷን ሲመታ ብቻ ተሰማ። የባልየው እናት ከአግዳሚው ተነስታ ክንዷን ደገፈቻት።

«ካመማት ሰነበተ፣ ዶክተር» አለች በቀስታ። «እሷንም ያክሙልን።»